ባህር ዛፉን ተወውና ሳር ትከል

ወንድሜ፣ ከቤትህ ጀርባ ያለው ዳገት በየክረምቱ አፈሩ እየታጠበ ስላስቸገረህ ባህር ዛፍ ልትከልበት ወይ ብለሃል። እኔ ብሆን አልተክልም። ባህር ዛፍ ከሥሩ ሳር እምብዛም አያስጠጋም፤ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ጎርፍ ደግሞ የሚወደው ያንን ነው።

ቦታህ ወይና ደጋ ከሆነና ጥላ ከሌለበት የቬቲቨር ሳርን የሚያህል የለም። ሥሩ ወደ ጎን አይንሰራፋም፤ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ጥሩ አፈር ካገኘ 3 ሜትር ይደርሳል። አንዴ አንዷን ልነቅል ብዬ ዶማው መዳፌን ላጠው እንጂ እሷ ንቅንቅ አላለችም! በዘር አይደለም የሚተከለው። ከእናቱ እየገነጠልክ ሁለት ሦስት ቡቃያ አንድ ላይ፣ በየ10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትሩ ትተክላለህ፤ ሰኔ መጨረሻ፣ መሬቱ ሲርስ። መስመሩ ዳገቱን አግድም ይቁረጠው። በዓይን ግምት እንዳትሠራ፣ ከግንበኛ ውሃ ልክ ተዋስ። አንድ ቦታ ዝቅ ካለ ውሃው እዚያው ተጠራቅሞ ይሰብረዋል። የሞተውን ቶሎ ተካ፤ ክፍተት ካለ በዚያ ይሾልካል።

ከብት ካለህ ግን ዴሾ ይሻልሃል። ጨንቻ አካባቢ የታወቀው ሳር ነው፣ ደጋውንም ይችላል፣ እያጨድክ ትመግባለህ። ከብቶቹን ግን አትልቀቅበት።

ሌላው፣ ዳገቱ ላይ ስንጥቅ ካየህ ወይም መሬቱ ቁልቁል እየተንሸራተተ ከሆነ ሳር ብቻውን አያድነውም። ገንዘብህን ለችግኝ ከማውጣትህ በፊት መሐንዲስ ይየው።