ራሱን ከግድግዳ ለሚያጋጨው ልጅ፦ ከቡሬ ለጠየቅሽው እህታችን

እህቴ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትና የማይናገር የ11 ዓመት ልጅሽ እንጀራ ስትጋግሪ ራሱን ከግድግዳ እንደሚያጋጭ፣ ትኩስ እንጀራ ቆርሰሽ ስትሰጪው እንደሚተው ጽፈሻል።

አስቀድሞ ሐኪም ጆሮውንና ጥርሱን ይይለት፤ የሆድ ድርቀትም ካለው ለሐኪሙ ንገሪው። አፍ የሌለው ልጅ ሕመሙን አንዳንዴ የሚናገረው እንዲህ ነው። ካጋጨ በኋላ ካስመለሰው ወይም ከፈዘዘ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ውሰጂው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካለው ደግሞ ጠበል ብትወስጂውም መድኃኒቱ አይቋረጥ፤ በድንገት ሲቆም ሕመሙ ብሶ ሊመለስ ይችላል።

ከዚያ ለአንድ ሳምንት ቁጠሪ። እጅሽ ሊጥ ስለሆነ መጻፉ ይቅር፤ ከምጣዱ አጠገብ ሁለት ስኒ አድርጊና ባጋጨ ቁጥር አንድ ባቄላ ከአንዱ ወደ ሌላው አዛውሪ። ማታ ከማጋጨቱ በፊት ምን እንደነበረ፣ ወዲያው ምን እንዳገኘ ጻፊ።

እንጀራውን ነው ወይስ አንቺን የፈለገው? አንድ ቀን ቁራሹን አስቀድመሽ ስጪውና ዝም ብለሽ ጋግሪ፤ ሌላ ቀን ያለ ቁራሽ አጠገብሽ አስቀምጪውና እያወራሽው ጋግሪ። ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ ሞክሪ፤ ባቄላው ያነሰበት ቀን የፈለገውን ይለይልሻል። ማንም በሌለበትም የሚያጋጭ ከሆነ ግን ምክንያቱ ከእንጀራውም ከአንቺም ሌላ ሊሆን ይችላል።

እንጀራው ከሆነ መጠየቂያ ይማር፦ መዳፉን መዘርጋት። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንቺ ከፊቱ ጣት የምታህል ቁራሽ ትይዣለሽ፤ ሌላው ከኋላ ሆኖ፣ ቃል ሳይተነፍስ፣ እጁን ያዘረጋዋል፤ እንደዘረጋ ወዲያው ትሰጪዋለሽ። በቀን 15 ጊዜ ያህል፣ ምጣዱ ሳይጣድና ልጁ ሳይናደድ። ራሱ መዘርጋት ሲጀምር የኋላው ሰው ይራቅ። ካርና ዱራንድ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ጥናት የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ የሚፈልገውን መጠየቂያ የተማረ ልጅ ማጋጨቱን ይቀንሳል።

አብዛኛው ቤት የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። ማጋጨት እንጀራ ማምጣቱን ሲያቆም ልጁ መጀመሪያ ሊብስበት ይችላል። እናት አሥር ጊዜ ታግሳ በአሥራ አንደኛው አያት አዝነው ከሰጡት፣ የተማረው አሥራ አንድ ጊዜ ማጋጨት ነው። ስለዚህ መዘርጋቱን ሳይለምድ መከልከል አትጀምሪ፤ አያትም ጎረቤትም ቀድመው ይስማሙ። ግድግዳው ላይ ፍራሽ አቁሚ፤ ሲያጋጭ ሳታናግሪው፣ ዓይን ዓይኑን ሳታይው፣ በጭንቅላቱና በግድግዳው መሃል እጅሽን ብቻ አግቢ። ማሰር ግን አይሆንም፤ ገመዱ ያቆስለዋል እንጂ መጠየቅ አያስተምረውም።

ጭንቅላቱን የሚያደማ ከሆነ ክልከላውን ለብቻሽ አትሞክሪው፤ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሪፈር አጽፊ። የማያደማው ከሆነና በሁለት ሳምንት ባቄላው ካልቀነሰ ግምታችን ስቷል ማለት ነው፤ በየማታው የጻፍሽውን እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እንየው።