ግጥም የምትወድ ልጅ ሶሲዮሎጂ ትግባ ወይ?

ሰላም እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። እዚሁ ጎንደር የመጀመሪያ ዓመት ጨርሰሽ ዲፓርትመንት ልትመርጪ ነው። ግጥም ትጽፊያለሽ፣ ሒሳብ ትፈሪያለሽ፤ ወንድምሽ ደግሞ «ሶሲዮሎጂ ሳይንስም አይደል ጥበብም አይደል፣ ዝም ብሎ ወሬ ነው» አለሽ። አማርኛ ልግባ ወይስ ሶሲዮሎጂ ትያለሽ።

ወንድምሽን ለጊዜው ተይውና የራሴን ልንገርሽ። ተመርቄ ሥራ ስፈልግ በመረጃ ሰብሳቢነት ተቀጥሬ አዘዞ ቤት ለቤት መጠይቅ እሞላ ነበር። «ሥራ አለዎት?» ይላል አንዱ ጥያቄ። አንዲት እናት «ምን ሥራ አለኝ ልጄ፣ ቤት ነው የምውል» አሉኝ። «የለም» ላይ ምልክት አደረግሁ። ቀና ስል ከጀርባቸው ሦስት ጋን ጠላ ተደርድሯል፤ ደጅ አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች እስኪቀዳላቸው ይጠብቃሉ። ለእሳቸው «ሥራ» ማለት ቢሮና ደመወዝ ነው። እኔም ምልክቴን ሰርዤ እንደገና ጠየቅኋቸው፦ «ገንዘብ የሚያስገኝልዎ ምን ይሠራሉ?» ያኔ ስለ ጌሾው ዋጋ ሩብ ሰዓት አወሩኝ። ያሳፈረኝ ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ቤቶች የሞላኋቸው «የለም»ዎች ናቸው። እነሱ ኮምፒውተር ገብተው ሲደመሩ መቶኛ ይሆናሉ፤ መቶኛውን የሚያይ ሰው አንዲት ቃል እንዳበላሸችው በምን ያውቃል?

የትምህርቱ አባቶችም ከዚህ አላመለጡም። ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1897 ራስን ስለ ማጥፋት ያሳተመው ጥናት ያገባና ያላገባ፣ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት እያለ በቁጥር የሚያነጻጽር ነው። ቁጥሩን ይዞ ግን መቆም አልቻለም፤ የኅብረተሰብ ሥርዓት ሲላላ ሰው የሚገባበትን ሁኔታ «አኖሚ» ብሎ ሰየመው፣ ዛሬ የሚታወሰውም ከሠንጠረዦቹ ይልቅ በዚያ ቃል ነው።

ለእኛ የሚቀርበን ደግሞ አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራ ባህል የጻፈውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ የቅኔ ቤቱን ቃል የጥናቱ ቁልፍ አደረገው። ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ ዘመናዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ሁለት ትርጉም ካለው ቃል መሸሹ እንደጎዳው ተከራከረ። እኔ እስከ መጨረሻው አልከተለውም። ግጥምሽን የሚያሳምረው ድርብ ትርጉም መጠይቅ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አዘዞ ላይ አይቻለሁና። ግን የቱ ቃል ድርብ እንደሆነ ለመስማት ያንቺ ዓይነት ጆሮ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሶሲዮሎጂ ግቢ እላለሁ። ከስታቲስቲክስ ግን አታመልጪም፤ የምርምር ዘዴ ኮርስ አለ፣ የመውጫ ፈተናም አለ። እንጀራውንም አላሳምርልሽም፤ ዲግሪውን ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚውል ብዙ ነው። ፕሮጀክት ላይ ቶሎ የሚገባው ኮቦ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ላይ መጠይቅ መሥራት፣ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም መተንተን፣ ከዚያም ሰው የሚያነበው ሪፖርት መጻፍ የሚችል ነው። ሦስተኛው ላይ ብዙው ይወድቃል፤ አንቺ እዚያ ትቀድሚያለሽ።

ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ቅዳሜ ገበያ ሂጂና ጉልት ሻጮቹ ዘንድ ሁለት ሰዓት ተቀመጪ። አንድ ገጽ ላይ ቁጠሪ፦ ስንት ናቸው፣ ስንቶቹ ልጅ አዝለዋል፣ ስንቶቹ ጥላ አላቸው። ሁለተኛው ላይ ሥራቸውን ራሳቸው ምን ብለው እንደሚጠሩት ቃል በቃል ጻፊ፤ «እቸረችራለሁ» ያለችውን «ነጋዴ» እንዳትያት። ሦስተኛው ላይ አንዲቱን ብቻ፣ ሳታዝኚላትም ሳታደንቂያትም፣ እንዳየሻት ሣያት።

የትኛው ገጽ እንዳስመረረሽ ጻፊልኝ። የመጀመሪያው ከሆነ፣ ደግመሽ ሞክረሽውም ካስመረረሽ፣ አማርኛ ግቢ፤ አልቀየምሽም።