«ዘመናዊ»፣ «ፋሽን» ወይስ «ትሬንድ»? ሰሌዳ ላይ ቶሎ የሚያረጀው ቃል የቱ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ የሴቶችና የልጆች ልብስ መሸጫ ልከፍት ነው። ሰሌዳ የሚሠራው ልጅ «ምን ብዬ ልጻፍ?» እያለ ይጠይቀኛል። እናቴ «ዘመናዊ የልብስ መደብር» በይው ትላለች። ታናሽ እህቴ ደግሞ «ዘመናዊ» የድሮ ሰው ቃል ነው፣ «ትሬንድ» ይባል ትላለች። እኔ ወደ «ፋሽን» አደላለሁ። ከአሥር ዓመት በኋላ ቀና ብዬ ሳየው የማያሳፍረኝ የትኛው ነው? ለመሆኑ «ፋሽን» አማርኛ ሆኗል ማለት ይቻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። አብዛኛው ሰው «ትክክሉ የቱ ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። አንቺ የጠየቅሽው ግን የቃሉን ዕድሜ ነው። ይህ ደግሞ ለዓመታት ሲያብሰለስለኝ የኖረ ጉዳይ ነው።

ከእናትሽ ቃል ልጀምር። «ዘመን» የግዕዝ ቃል ነው። ዐረቦች «ዘማን»፣ ዕብራውያን «ዝማን» ይሉታል። ከዚያም አልፈው ወደ ጥንታዊት ፋርስ የሚወስዱት ሊቃውንት አሉ። የትም ይምጣ፣ ቃሉ በራሱ አዲስነትን አያመለክትም። «ዘመነ መሳፍንት» ወይም «ዘመነ ሉቃስ» ሲባል አዲስ ነገር ወደ ሐሳቡ የሚመጣበት ሰው የለም። ቃሉን ቅጽል የሚያደርገው ምዕላድ (ቅጥያ) «-አዊ» ሲታከልበት «ዘመናዊ» ሆነ። ፍቺው «የዘመን የሆነ» ነው። የየትኛው ዘመን? ቃሉ አይነግረንም። አንባቢው «የአሁኑ» ብሎ ራሱ ይሞላዋል። አሁኑ ሲያልፍ ቃሉ ባዶውን ይቀራል።

በእርግጥ «ዘመናዊ ትምህርት»፣ «ዘመናዊ ሕክምና» አላረጁም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከጎናቸው የቄስ ትምህርትና የባህል ሕክምና አሉ፤ ቃሉ እየለየ ይሠራል። ጎረቤትሽ የባህል ልብስ የምትሸጥ ከሆነ «ዘመናዊ» አንቺም ሰሌዳ ላይ ሥራ ያገኛል። ካልሆነ ግን ዝም ብሎ መሰቀል ነው።

«-አይ» የሚባል የ«-አዊ» ወንድም ምዕላድም አለ። «ዘመናይ» የወጣው ከእሱ ነው። ጊዜ የሰጠው፣ አለባበስ የሚያውቅ ሰው ማለት ነበር። ዛሬ ሱቁን «ዘመናይ» የሚል ነጋዴ አላይም። እኔ ቃሉን እወደዋለሁ፤ የእኔ መውደድ ግን ደንበኛ አያመጣልሽም።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ «ባዕድ ቃል ቶሎ ያረጃል፣ ከግዕዝ የተቀዳው ይከርማል» ይላሉ። ይህን አባባል ፈጽሞ አልቀበለውም። እስቲ የ1966ቱን አብዮት እናስታውስ። «ጓድ»፣ «ወዛደር»፣ «ተራማጅ»፣ «አድኃሪ»፤ ሁሉም የአገር ቤት ቃላት ናቸው። በዚያን ጊዜ ያለ እነሱ ስብሰባ አይከፈትም ነበር። 1983 ላይ ሥርዓቱ ሲወድቅ «ጓድ» አብሮ ወደቀ፤ «አቶ»ም ወደ ቦታው ተመለሰ። ዛሬ «ወዛደር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ዓመተ ምሕረቱን ሳይጽፍ እናውቅለታለን። በዚያው ሰሞን የተስፋፋው «ኅብረተሰብ» ግን አሁንም በየሰዉ አፍ አለ። ነገሩን የሚጠራ ሌላ የሚመች ቃል ስላልነበረ ቆየ። በአንጻሩ አንቺ የምትሸጪውን «ካልሲ» እይው። ከጣልያንኛ ነው የመጣው። «ሱቅ» ከዐረብኛ ነው። ባዕድ ናቸው ብሎ የሚያፍርባቸው ሰው አላየሁም።

ስለዚህ ጉዳዩ የዘር አይደለም። ዕቃውን የሚጠራ ቃል ይቆያል። «እኔ አዲስ ነኝ» ብቻ የሚል ቃል ግን ቶሎ ይሻግታል። በ2000 ዓ.ም. ዋዜማ «ሚሌኒየም» የማይለጠፍበት ነገር አልነበረም። ዛሬ ቦሌ ካለው አዳራሽ ሌላ ቃሉ የሚኖርበት ቤት ጠቧል። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ሁሉ «ትራንስፎርሜሽን» ይል ነበር። አሁን ያን ሪፖርት ማን ያነበዋል?

«ትሬንድ»ም ከእነዚህ ወገን ነው። በእንግሊዝኛ ሥሩ መዞር፣ መሽከርከር ማለት ነበር። ወደ እኛ የመጣው ግን በማኅበራዊ ሚዲያ ነው። ወጣቶቹ «ትሬንድ ላይ ነው» ሲሉ የዚህ ሳምንት ወሬ ነው ማለታቸው ነው። የሳምንት ነገር የሚጠራ ቃል ለዓመታት በሚሰቀል ቆርቆሮ ላይ መጻፍ ምን ይባላል? እህትሽን ከይቅርታ ጋር፣ ይህን አልመክርም።

አሁን ወደ «ፋሽን»። ከእንግሊዝኛ ወሰድነው፤ እንግሊዞች ከፈረንሳይኛው «ፋሶን»፤ ፈረንሳዮች ደግሞ መሥራት ከሚለው የላቲን ግሥ። ከሥሩ ሲታይ እንግዲህ «አሠራር» ማለት ነው። የአማርኛ ሰዋስው ተቀብሎታል ወይ? በግማሽ። «ፋሽኑ አልፎበታል»፣ «ፋሽን ተከታይ» እንላለን። እንዲያውም «አልፎበታል» ላይ ያለው «-በት» የእኛው ነው፤ ነገሩ ሲያረጅ ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚያርፍ የሚያሳይ። ግሥ ግን አልወለደም። «ፈሸነ» የሚል የለም።

እኔ የቃል ዕድሜ የምለካው በዚህ ነበር። «ፊርማ» ከጣልያንኛ መጥታ ሥር ሰደደች፤ ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረሙ። ሥር ያልሰደደው «አደረገ»ን ምርኩዝ ይዞ ይሄዳል፤ «ሼር አደረገ»፣ «ፖስት አደረገ»። ምርኩዝ የያዘ ሩቅ አይሄድም እል ነበር። ግን «ኮፒ አደረገ» ያው አለ፤ አባቶቻችን ይሉት ነበር፣ ልጆቻችንም ይሉታል። ስለዚህ መለኪያዬ ሁልጊዜ እንደማይሠራ ሳልወድ እቀበላለሁ። ለ«ሼር አደረገ» ግን «አጋራ» የሚል የሚያምር ቃል ሞልቶናል፤ እሱን ትቶ ምርኩዝ መያዝ ስንፍና ነው።

«ፋሽን»ም እንዲሁ ነው። እኔ «ቄንጥ» ቢሆን እመርጥ ነበር። «ቄንጠኛ» ሲባል የልብሱም የአካሄዱም ማማር አብሮ ይታያል። ነገር ግን ዛሬ «ቄንጥ አታብዢ» ስንል መገሠጻችን ነው፤ ቃሉ ወደ መኮፈስ አዘንብሏል። ቦታውን «ፋሽን» ይዞታል። አዎ፣ አማርኛ ሆኗል። ይህን ስጽፍ እጄ እየከበደኝ ነው።

በከተማዋ ዳር የሚታየኝ ሌላ ነገር አለ። ከለገጣፎ እስከ አያት ጫፍ የሪል እስቴት በሮች ላይ «ሂልስ»፣ «ቪው»፣ «ቪሌጅ» ይነበባል። የሰፈርሽ ስም «ቱሉ» እኮ በኦሮምኛ ኮረብታ ነው፣ «ዲምቱ» ቀይ። «ለገ» ወንዝ ነው። እነዚህ ስሞች ያዩትን መሬት ጠርተው ነው የቆዩት። ፊት ለፊቱ ሌላ ሕንፃ የቆመበት «ቪው» ግን ምኑን ይጠራል? ከአሁኑ ዘመን ልማዶች መካከል ነገ ቀድሞ «የዚያ ጊዜ ነው» የሚባለው ይህ የበር ላይ እንግሊዝኛ ይመስለኛል።

ታዲያ ምን ትጻፊ? ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው «ልብስ ቤት» ነው። ዳቦ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ሻይ ቤት እያለ አማርኛ ራሱ መንገዱን ጠርጎታል። ባዶ ሜዳ ላይ በተሠራ ሰፈር ደግሞ ሰሌዳ የፌርማታ ስም ይሆናል፤ ስለዚህ የምትጽፊው ቃል ከሱቅሽም በላይ ሊኖር ይችላል። አውቃለሁ፣ ተሳፋሪው «ቡቲኩ ጋ ወራጅ አለ» ነው የሚለው። «ልብስ ቤት» ቁም ሣጥን የሚመስለውም አይጠፋም። ይህን ካልደፈርሽ የሱቅሽን ስም በትልቁ አጽፊ፤ ከሥሩ «የሴቶችና የልጆች ልብስ» ይበቃል። «ፋሽን» የግድ ካሰኘሽ ጨምሪው፤ በሳድሱ «ሽ» ይጻፍ እንጂ «ፋሺን» አይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ ለሰሌዳ ሠሪው ንገሪልኝ። «የሴቶችና» ሲጽፍ «ና»ን ከቃሉ ጋር ያያይዘው። «የሴቶች እና የልጆች» ብሎ መነጠል በየቦታው ተስፋፍቷል፤ ስሕተት ነው ብዬ የምከራከርበት ጊዜ አልፏል። እኔ ግን አሁንም አልወደውም።