ጋይራዶስ በዋትሰን ፊት በአንድ ምት የሚወድቅበት ምክንያት

ከኮምቦልቻ የጻፍክልን ወንድማችን፣ ፖክሞን የተባሉ ፍጡራንን እያሠለጠኑ በሚያዋጉበት በፖክሞን ኤመራልድ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ የመረጥከውን ማድኪፕ የተባለ ፖክሞን ሳጥን (የፖክሞን ማስቀመጫ) ውስጥ አስቀምጠህ፣ ማጂካርፕ የተባለውን ዓሣህንም ለፍተህ ወደ ጋይራዶስ እንዲለወጥ ካደረስከው በኋላ፣ በሦስተኛው የጂም (የፍልሚያ አዳራሽ) መሪ፣ የኤሌክትሪክ ፖክሞኖችን በሚያዋጋው በዋትሰን ፊት በአንድ ምት እየወደቀ እንዳስቸገረህ ገልጸህ መፍትሔ ጠይቀሃል።

ችግሩ የሌቭል (የጥንካሬ ደረጃ) ማነስ አይደለም። ጋይራዶስ በዓይነቱ ውሃም በራሪም ነው፤ ኤሌክትሪክ ሁለቱንም ዓይነቶች በእጥፍ ስለሚጎዳ ጉዳቱ ተባዝቶ 4 እጥፍ ሆኖ ያርፍበታል። ሌቭሉን ጥቂት ከፍ ብታደርግለትም ይህ ስሌት አይለወጥም።

እኛ ደሴ ያለን ጓደኛሞች በስልክ ኢሙሌተር (የድሮ ጨዋታዎችን በሚያስኬድ ፕሮግራም) ስንጫወት ይህን ጂም የምናልፈው አንተ ሳጥን ውስጥ በተውከው ማድኪፕ ነው። ማድኪፕ መጀመሪያ ላይ ውሃ ብቻ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ይጎዳዋል፤ ሌቭል 16 ደርሶ ማርሽቶምፕ ሲሆን ግን የመሬት ዓይነት ይጨመርለታል፣ መሬትን ደግሞ ኤሌክትሪክ ጨርሶ አይነካውም። ያን ጊዜ የሚማረው መድ ሾት የተባለ የጭቃ ጥቃት ኤሌክትሪክም ብረትም የሆነውን የዋትሰንን ማግኒተን በ4 እጥፍ ይመታዋል። የማግኒተን ሾክ ዌቭ የተባለው የኤሌክትሪክ ጥቃት ያለ ምንም ጉዳት ሲያልፍ ማየት ያስቃል (እኔ ሚኒባስ ውስጥ ሐረጎን እየወረድን ሳለ ጮክ ብዬ ስቄ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አይቶኛል)። ሆኖም ሶኒክ ቡም የተባለው ጥቃቱ የኤሌክትሪክ ዓይነት ስላልሆነ በመታ ቁጥር 20 የጤና ነጥብ ይወስዳልና ፖሽን (የጤና ነጥብ የሚመልስ መድኃኒት) ሳትይዝ አትግባ።

ጋይራዶስንም ቢሆን አትጣለው። ማርሽቶምፕ በተራው ከሣር ዓይነት 4 እጥፍ ጉዳት ይቀበላል፤ ማድኪፕን በመምረጥህ ደግሞ ተቀናቃኝህ የያዘው የሣሩን ትሪኮ ነው። ጋይራዶስ በራሪ በመሆኑ የሣር ጥቃት ከመደበኛው በላይ አይጎዳውም፤ ስለዚህ አንዱ የማይችለውን ሌላው ይቀበልለታል።

እያንዳንዱ ፖክሞን አካላዊና ልዩ የሚባሉ ሁለት የጥቃት ኃይሎች አሉት፤ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር፣ በኤመራልድ የውሃ ጥቃት ሁሉ የሚሰላው በልዩ የጥቃት ኃይል መሆኑ ነው። የጋይራዶስ መነሻ አካላዊ ጥቃት 125 ሲሆን ልዩው 60 ብቻ በመሆኑ፣ ያ ሁሉ ግርማው በውሃ ጥቃቱ ላይ አይታይም። ጥቃቶች በዓይነታቸው ሳይሆን በየራሳቸው አካላዊና ልዩ ተብለው የተለዩት በ2006 በወጡት በዳይመንድና በፐርል ጨዋታዎች ነው። ስለዚህ ለጋይራዶስ እንደ ኧርዝኩዌክ ያለ አካላዊ ጥቃት አስተምረው፤ ሰርፍ የተባለውን የውሃ ጥቃት በኋላ ስታገኝ ደግሞ ሌቭል 36 ላይ ስዋምፐርት ለሚሆነው ማርሽቶምፕ ስጠው።