ሙቀትና ደራሽ ውሃ፦ የአዳማ ጥያቄዎች

የምኖረው አዳማ ነው። ዓመታት በአዋሽ ዳር በመስኖ ሥራ አሳልፌ አሁን የመጀመሪያ እርዳታ አስተምራለሁ። ስለ ሙቀትና ጎርፍ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹ እነሆ።

ጥያቄ፦ ሙቀቱ በርትቶብናል። ጎርፉም አብሮ ይመጣል?

መልስ፦ ተከትሎ ነው የሚመጣው። አዳማን የሚያነዳት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው፤ ውሃው የሐምሌና የነሐሴ ነው። ስለዚህ የቦይ ጠረጋው በግንቦት ይለቅ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እናቴ አርጅተዋል፤ ቤታችን ቆርቆሮ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኮርኒስ ከሌለው ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ዛፍ ሥር ይቀመጡ። ሰው ሲያረጅ ጥማት ቶሎ አይሰማውም፤ «ጠማዎት?» ብለህ አትጠይቅ፣ ዝም ብለህ ቶሎ ቶሎ አቅርብላቸው። ነጠላ በውሃ ነክረህ ትከሻቸው ላይ ጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከኳስ ሜዳ ሲመለስ ራሱን አዞረው።

መልስ፦ ንግግሩ ካልተምታታ በጥላ ይጋደም፤ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠሽ በትንሽ በትንሹ አጠጪው። ማንኪያው ልክ ይሁን፣ አይቆለል። ከቀባዠረ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ በአፉ ምንም አትስጪ፣ ልብሱን አውልቀሽ ውሃ አፍስሽበት፣ አራግቢለት፣ 907 ደውዪ። አምቡላንሱ እስኪደርስ ማቀዝቀዙ አይቋረጥ።

ጥያቄ፦ እኛ ወንጂ ነን። እዚህ ሳይዘንብ አዋሽ የሚሞላው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። አዋሽ የሚነሳው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ነው፤ እናንተን የሚደርሳችሁ እዚያ የዘነበው ነው። በመካከል የቆቃ ግድብ አለ። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደለል ሆዱን ስለበላው የቀድሞውን ያህል ውሃ አይዝም። ሲሞላ ይለቀቃል፣ እናንተ ደግሞ ከታች ናችሁ። በክረምት ሰማዩን ሳይሆን ወንዙን እዩ። ከደፈረሰና ግንድ ከተሸከመ ከብቱን ከዳር አርቁ፤ የቀበሌ ማስጠንቀቂያ እስኪመጣ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነጂ ነኝ። የጎርፍ ውሃ እስከ ስንት ይታለፋል?

መልስ፦ አይታለፍም። የሚወርድ ውሃ 15 ሴንቲሜትር ብቻ ቢሆንም ሰው ይጥላል፤ 30 ሲደርስ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ባጃጅህ ደግሞ ከመኪናም ይቀላል፤ ክዳኑ የተነሳ ቱቦም ከሥር ተደብቆ ሊጠብቅህ ይችላል። ከኮረብታ የሚወርደው ደራሽ ብዙ ጊዜ ቶሎ ያልፋል። ሻይህን ጠጣ።

ጥያቄ፦ ሌሊት ቢመጣስ?

መልስ፦ የ1998 ዓ.ም.ቱ የድሬዳዋ ጎርፍ ያን ያህል ሕይወት የቀጠፈው ሰው እንቅልፍ ላይ ሳለ ስለደረሰ ነው። ሰነዳችሁን በፌስታል ቋጥራችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጉ፤ ልጆች ወደ ዳገቱ የሚያወጣውን መንገድ ይወቁ። መብራቱን ከቆጣሪው ማጥፋት የሚቻለው ውሃ ሳይገባ ነው፤ ከገባ በኋላ አትንኩት።

ጥያቄ፦ ጎርፉ ሲያልፍ የጉድጓድ ውሃችን ይጠጣል?

መልስ፦ ሳይፈላ በፍጹም። ውሃ ባቆረበት ሰፈር የወባ ትንኝ ስለሚራባ አጎበሩን አውርዳችሁ ተኙ።