«ያዘ» እና «ይዟል»፦ የዓሣ ደንብ ወደ አማርኛ ሲመጣ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከሄርማታ ነው። ወንድሜ ፍሎሪዳ ነው የሚኖረው፤ በእረፍት ቀኑ ውቅያኖስ ዳር ዓሣ ያጠምዳል። የዓሣ ደንቡን ላከልኝና «ለጓደኞቼ በአማርኛ አድርጊልኝ» አለኝ። ስልኬ ሲተረጉመው «የከረጢት ገደብ»፣ «የሹካ ርዝመት»፣ «የዓሣ መከር» ይለኛል። ከረጢቱ ስንት ኪሎ የሚይዝ ነው? ሹካውስ?

መልስ፦ ሹካው ለምሳ ሰዓት ይቆይሽ። ከረጢቱም ኪሎ የለውም። አዳኝ ያደነውን የሚከትበት ከረጢት ነበር፤ ዛሬ ስሙ ብቻ ቀርቷል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ለራሱ የሚያስቀረው የዓሣ ቁጥር ማለት ነው። «የቀን ድርሻ» በይው።

አጠገቡ ግን ሌላ ገደብ አለ፤ በእጅሽ የሚገኘው ሁሉ ስንት ይሁን የሚል። ትናንት የተጠመደውና በረዶ ሳጥን ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ጣጣው ይሄኔ ነው፤ ሁለቱንም «መያዝ» እንላቸዋለን። «ዓሣ ያዘ» ስትዪ ከውኃ አወጣ። «ዓሣ ይዟል» ስትዪ በእጁ አለ። ግሡ ሲረባ ልዩነቱ ጥርት ይላል። ሕግ ጸሐፊ ግን የሚወደው «መያዝ» የሚለውን ያልረባውን የግሥ ስም ነው። «በቀን 2 ዓሣ መያዝ ይፈቀዳል» ከተባለ፣ ሦስተኛውን አውጥቶ የለቀቀው ሰው አጠፋ ወይስ አላጠፋም? አይታወቅም። ስለዚህ አንዱን «ማስቀረት»፣ ሌላውን «በእጅ መገኘት» ብትዪ ይሻላል።

«ማጥመድ»ም ሌላ ነው። ግልገል ጊቤ ዳር «ሲያጠምድ ውሎ አንድም አልያዘም» ቢባል ማንም ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የአሜሪካ የባሕር ዓሣ ሕግም ሙከራውን ጭምር ማጥመድ ይለዋል። ማጥመድ በተከለከለበት ቦታ መንጠቆ የጣለ ሰው ባዶ ባልዲ አሳይቶ አያመልጥም።

ወደ ሹካው ልመለስ። ጅራታቸው መሐሉ ላይ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ዓሦች አሉ። እነዚህ ከአፍ ጫፍ እስከ ስንጥቁ መሐል ይለካሉ። አማርኛ ለዚህ ቅርጽ ቤት ሲሠራ የኖረ ቃል አለው፤ ባላ። «እስከ ጅራቱ ባላ» በዪ። ጠቅላላ ርዝመት የተባለው ደግሞ አፉ ተዘግቶ፣ ጅራቱ ተጨምቆ፣ እስከ ጫፉ ነው።

«መከር»ን ተዪው። መከር የሚሰበሰበው የተዘራ ነው፤ ያንን ዓሣ ማን ዘራው? እዚህም «ማስቀረት» ይበቃል።

አንድ ልጨምርልሽ። ሬድፊሽ የሚባለው የፍሎሪዳ ዓሣ ከ18 ኢንች ካነሰ ይለቀቃል፤ ከ27 ከበለጠም ይለቀቃል፤ ትልልቆቹ ዘር እንዲተኩ። የዋጋ ጣሪያ እንደምንለው «የርዝመት ወለልና ጣሪያ» ብለሽ ጻፊው። «ቢያንስ» የሚለውን ብቻ ጽፈሽ ብትልኪ ወንድምሽ ትልቁን ዓሣ ታቅፎ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ይቀጣል።