ኮፒው የሚወጣበትን ፖርት ኮፒ እንዳታደርግ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። የቅርንጫፉን ራውተር ትራፊክ ዋናው ቢሮ ባለው ዋየርሻርክ (ፓኬት ማያ ፕሮግራም) ማየት ፈልገሃል፤ አርስፓን ልጠቀም ወይስ ኢአርስፓን ነው ያልከው። ሁለቱም የአንድን ፖርት ትራፊክ ኮፒ አድርገው ሌላ ቦታ ወዳለ መሣሪያ ይልካሉ። በዚህ ነገር ፍዳዬን ስላየሁ ልንገርህ።

1. መሀል ላይ ራውተር ካለ አርስፓንን እርሳው። እሱ የሚጓዘው በቪላን (በስዊቾች ላይ በተከፈለ የውስጥ ኔትወርክ) ነው፤ ራውተር ጋ ሲደርስ ያበቃለታል። ኢአርስፓን ግን ኮፒውን በጂአርኢ (ፓኬትን በሌላ ፓኬት ውስጥ በሚከት ፕሮቶኮል) ጠቅልሎ እንደ ማንኛውም አይፒ ፓኬት ይልከዋል።

2. ምንጭ ፖርቱን (ትራፊኩ ኮፒ የሚደረገውን) ስትመርጥ ተጠንቀቅ። እኔ ጉድ የሆንኩት እዚህ ላይ ነው። "ሁሉንም ልይ" ብዬ ወደ ዋናው ቢሮ የሚወጣውን ፖርት በሁለቱም አቅጣጫ ምንጭ አደረግኩት። ኮፒውም የሚወጣው በዚያው ነው! የኮፒ ኮፒ፣ የኮፒ ኮፒ ኮፒ... አንዳንድ መሣሪያ ይህን ራሱ ይከለክላል። የኔው ዝም ብሎ ተቀበለኝ። መስመሩ ወዲያው ሞላ። ገብቼ እንዳላጠፋው እኔም የምገባው በዚያው መስመር ነው። ላብ በላብ ሆኜ ቅርንጫፉ ደወልኩና ራውተሩን ነቅለው እንዲሰኩት ለመንኳቸው። ደግነቱ ኮንፊጉን ሴቭ ማድረግ ረስቼ ነበር፤ ሲነሳ ወደ ድሮው ተመለሰ። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት "ሪሎድ ኢን 10" በል፤ ብትቆለፍ በ10 ደቂቃ ራሱ ጠፍቶ ይነሳና፣ ሴቭ ካላደረግክ ወደ ድሮው ኮንፊግ ይመለስልሃል። ሁሉ ነገር ሰላም ከሆነ ሪሎዱን መሰረዝ እንዳትረሳ። ምንጩ የውስጥ ፖርት ይሁን፣ እሱም በአክሰስ ሊስት (የትኛው ትራፊክ እንደሚመረጥ በሚወስን ዝርዝር) የተጣራ። አለበለዚያ መስመሩ ዋናውንም ሙሉ ኮፒውንም ሊሸከም ነው።

3. ፋየርዎል። ከራውተሩ ይልቅ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ጂአርኢ ይከፈትልኝ ብዬ የሚመለከተው ክፍል ሄድኩ። "ፖርት ቁጥሩ ያልተሞላ ፎርም አንቀበልም" አለኝ ሰውዬው፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ። ጂአርኢ እንደ ቲሲፒ የፖርት ቁጥር የለውም፣ የአይፒ ፕሮቶኮል ቁጥር 47 ነው ብዬ አስረዳሁ። "ፎርሙ ላይ እንደዚያ የሚል ቦታ የለም" አለ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በመጨረሻ ሲመረኝ ፖርት የሚለው ላይ 47 ብዬ ሞላሁት። እሱም ቲሲፒ ፖርት 47ን ከፈተልኝ!

በስንት መከራ ጂአርኢ ራሱ ከተከፈተ በኋላም የሚታየኝ ትናንሽ ፓኬት ብቻ ሆነ። ኮኔክሽኑ ሲጀመር ይታያል፣ ዳታው የለም። ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩትን ልጆች ሁለት ቀን ሙሉ ስከስ ከረምኩ። ጥፋቱ የኔው የኤምቲዩ (መስመሩ የሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) ነበር። ኢአርስፓን ታይፕ 2 በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ 50 ባይት ይጨምራል። 1500 የነበረው ፓኬት ተጠቅልሎ 1550 ይሆናል፤ መንገዱ 1500 ብቻ ከሆነ አያልፍም። ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ አሁንም ግን ያሾፉብኛል።

መሣሪያህ ሲስኮ ከሆነ ደግሞ የኢአርስፓን ሴሽኑ (ኮፒ የማድረጊያው ቅንብር) ሲፈጠር ዝግ ስለሆነ "ኖ ሻትዳውን" በለው። ለዚህች አንድ መስመር ግማሽ ቀን የፈጀ ሰው አውቃለሁ፤ ይሄኛው እንኳ እኔ አይደለሁም።

አሁን ስድስት ቅርንጫፍ በዚህ መንገድ ነው የማየው፣ ማንም ሳያግዘኝ። የራውተርህን ሞዴልና መስመሩ ስንት ሜጋ እንደሆነ ጻፍልኝ፣ የኔን ኮንፊግ አስተካክዬ እልክልሃለሁ።